ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ አጠረኝ፦ ለጋምቤላ የልብስ መደብር በሚነደፍ መተግበሪያ ውስጥ የስያሜ አመራረጥ

1. መግቢያ

ስለ ስያሜ ሥራ ሲነገር ብዙውን ጊዜ በሐሳብ የሚመጣው የሕክምና፣ የሕግ ወይም የምሕንድስና ቃል ነው። ሱሪ ወይም ሸሚዝ የሚገዛ ሰው የሚናገራቸው ቃላት ግን ከዕለት ንግግር ተለይተው ስለማይታዩ የስያሜ ባለሙያን ትኩረት የሚሹ አይመስሉም። ይህ እውነት የሚሆነው ቃላቱ በሁለት ሰዎች መካከል በአንደበት እስከተነገሩ ድረስ ብቻ ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩ ቃል ቢጎድል እጅ ይጠቁማል፤ ፍች ቢደናገር የፊት ገጽታ ያቃናዋል። ያው ቃል ከንግግሩ ተነጥሎ በስልክ ገጽ ላይ ብቻውን ሲሰፍር ግን ረዳት የለውም፤ በራሱ ፍች መቆም ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ገዢ በልብስ መደብር ውስጥ ቆሞ የሚገለገልበትን የስልክ መተግበሪያ ነው። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ዕቃን ከሩቅ አዝዞ ከማስመጣት የተለየ ተግባር አለው። ገዢው የሰውነቱን ልክ ይመዘግብበታል፤ የሚፈልገው ልብስ በመደርደሪያው ላይ መኖር አለመኖሩን ያይበታል፤ ለብሶ ካየው በኋላም የተሰማውን ይገልጽበታል። በውጭ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የስፔኑ የልብስ ድርጅት ዛራ ደንበኞቹ በመተግበሪያው አማካይነት በመደብሩ ውስጥ የመልበሻ ክፍል ተራ እንዲይዙ አድርጓል። የአሜሪካው ናይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በስልክ ካሜራ የእግርን ልክ የሚወስድ አገልግሎት አቅርቧል። ለእኛ የሚነሣው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለ መተግበሪያ በአማርኛ ቢዘጋጅ፣ ያውም አማርኛ የብዙ ሰዎች የጋራ መገናኛ እንጂ የአፍ መፍቻ ባልሆነበት በጋምቤላ ከተማ ቢዘጋጅ፣ ምን ምን ቃላት ይሻሉታል? የሚል ነው።

የጽሑፉ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በመደብር ውስጥ የሚሠራ መተግበሪያ በሻጭና በገዢ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ስለሆነ፣ ስያሜዎቹ አስቀድሞ በሁለቱ አንደበት ያሉት ቃላት ሊሆኑ ይገባል፤ የስያሜ ባለሙያው ተግባርም አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን የነበረውን ቃል ፍች መለየት፣ መወሰንና መጻፍ ነው።

2. ጋምቤላ ለምሳሌነት የተመረጠችበት ምክንያት

ጋምቤላ የተቆረቆረችው በንግድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚቋቋምበት ቦታ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይዘው እየገቡ፣ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ነው። እንግዲህ በጋምቤላ ጨርቅ ሻጩና ጨርቅ ገዢው የተለያየ ቋንቋ እየተናገሩ መገበያየታቸው ከከተማይቱ ዕድሜ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ300 ሺህ ጥቂት ከሚበልጠው የክልሉ ነዋሪ መካከል ግማሽ ያህሉ ኑዌር፣ ከአምስት አንዱ ያህል ደግሞ አኙዋ ነበር። መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞም የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ነዋሪዎችም በርካታ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱን በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ የኑዌርና የአኙዋ ቋንቋዎች ከነዚያ መካከል አልነበሩም። ስለዚህ ለብዙ ጎልማሶች አማርኛ የገበያና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሆኖ በጆሮ የተለመደ እንጂ ከመዝገበ ቃላት የተቀሰመ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰውነት ልክ ነው። የናይል ወንዝ ተፋሰስ ሕዝቦች፣ ኑዌርና አኙዋ ጭምር፣ በቁመት ረዥምነት ይታወቃሉ። ወደ ገበያ የሚገባው የፋብሪካ ልብስ ግን የሚሰፋው በሌላ አገር ለተወሰነ የሰውነት ልክ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረዥም የሆነ ወጣት አንድ ሱሪ ለብሶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አልደርስ ቢለው፣ በቁጥር ከፍ ያለውን ሲለብስ ደግሞ ርዝመቱ ደርሶ ወገቡ ይሰፋበታል። ይህ ሰው የጎደለውን ነገር ለይቶ የሚናገርበት ቃል ይፈልጋል። መተግበሪያው ያንን ቃል ካልሰጠው ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ዓይነት ሱሪ ያስመጣል። የስያሜው ጥያቄ የወግ ብቻ ሳይሆን የጥቅም ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

3. የልብስ ቃላት ከየት መጡ?

በአማርኛ የልብስ ስሞች ውስጥ የንግድ ታሪካችን ተጽፎ ይገኛል። «ቀሚስ» እና «ፎጣ» ከዐረብኛ፣ «ሸሚዝ» ከፈረንሳይኛ፣ «ካልሲ» እና «ካናቴራ» ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። እነዚህን ማንም ዛሬ እንደ ባዕድ አይቆጥራቸውም። ልብሱ ሲመጣ ስሙም አብሮ መጣ፤ ስሙም በአማርኛ የድምፅ ሥርዐት ታርቆ ቀረ።

በአንጻሩ የልብሱ ክፍሎችና የሰውነት ልኮች በአብዛኛው ነባር ቃላት ናቸው፦ እጅጌ፣ አንገትጌ፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ዳሌ። ከዚህ የምንረዳው የልብስ ገበያ ቋንቋ ሁለት ንብርብር እንዳለው ነው፤ የዕቃው ስም ብዙ ጊዜ ውሰት ሲሆን ዕቃው ከሰውነት ጋር የሚገናኝበት ቃል ነባር ነው። መተግበሪያው ይህን ክፍፍል ቢያከብር ይጠቅመዋል። «ቲሸርት» እና «ጃኬት» ተብለው የሚታወቁትን ልብሶች በአዲስ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ስለ ልክና ስለ ምቾት ሲሆን ግን ነባሩን ቃል ትቶ ውሰት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ነገር ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ተለብሶ ዳግመኛ የሚሸጠው ልብስ በመንግሥት ጽሑፎች «ልባሽ ጨርቅ» ይባላል፤ በገበያ ግን «ሰልባጅ» ነው። የመጀመሪያው ከ«ለበሰ» የተገኘ ስለሆነ ፍቹ ከቅርጹ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ውሰት ነው። ይሁን እንጂ ሱቅ ገብቶ «ልባሽ ጨርቅ አላችሁ?» የሚል ገዢ ከቀረጥ መሥሪያ ቤት የመጣ ይመስላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። ስያሜ በፍቹ ብቻ ሳይሆን በሚነገርበትም ስፍራ መመዘን እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

4. «መተግበሪያ» እና «ቁልፍ»

የሥራውን መሣሪያ የሚጠራው «መተግበሪያ» የሚለው ስያሜ ከግእዙ «ገብረ» ዘር ወርዶ፣ ከ«ተግባር» እና ከ«ተገበረ» ጋር ተዛምዶ፣ በ«መ—ያ» የመሣሪያ ስም ቅርጽ የወጣ ነው። ቅርጹ ከ«መቁረጫ» እና ከ«መጥረጊያ» ጋር አንድ ስለሆነ አዲስ ቢሆንም ጆሮ አይጎረብጥም። በንግግር ግን «አፕ» የሚለው ውሰት ይበልጥ ይሰማል። ለመተግበሪያው መግለጫ «መተግበሪያ»ን መያዝ፣ ሻጩ በአንደበቱ «አፑን ክፈተው» ቢልም አለመከልከል የሚበጅ ይመስለናል።

የበለጠ የሚያስቸግረው «ቁልፍ» ነው። በኮምፒዩተርና በስልክ መመሪያዎች «ቁልፉን ይጫኑ» ማለት የተለመደ ነው። «ቁልፍ» ግን የበር መክፈቻም፣ የሸሚዝ መቆለፊያም ነው፤ «አዝራር» የሚለውም ቃል እንዲሁ በመጀመሪያ የልብስ ነው። በልብስ መደብር መተግበሪያ ውስጥ ከአንድ ሸሚዝ ሥዕል ሥር «ቁልፉን ይጫኑ» የሚል ቢጻፍ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ብቻ የለመደ አንባቢ ጣቱን ሸሚዙ ሥዕል ላይ ወደተደረደሩት ቁልፎች ቢሰድድ አይፈረድበትም። መፍትሔው ሦስተኛ ቃል መፍጠር አይደለም። በገጹ ላይ የሚጫኑትን ስፍራ መሰየም ጭራሽ አያስፈልግም፤ የሚፈጸመው ድርጊት እዚያው ላይ ተጽፎ ይገኛልና። «ለመቀጠል ቁልፉን ይጫኑ» ከማለት «ቀጥል» ወይም «መቀጠል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። «ቁልፍ» ለሸሚዙ ይቅርለት።

5. ልክ፣ ቁጥር፣ መጠን

ተርጓሚዎች ስለ ልብስ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ «መጠን» የሚለውን ቃል ይመርጣሉ። «መጠን» የሰነድ ወግ ያለው ቃል ነው፤ ነገር ግን የእህል መጠን፣ የዝናብ መጠን፣ የመድኃኒት መጠን እያልን ስለ ብዛት የምንናገርበት ነው። ሱሪ ገዢ «መጠኔ ስንት ነው?» አይልም። የሚለው «ልኬ ነው»፣ «ልኬ አይደለም»፣ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ነው። በነዚህ በሁለቱ የገበያ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የነጠረ ነው። «ልክ» የሰው ነው፤ ባለቤት አመልካች ቅጥያ ተቀብሎ «ልኬ፣ ልክህ፣ ልክሽ» ይሆናል። «ቁጥር» የዕቃው ነው፤ በአንገትጌው ወይም በወገቡ ላይ ተጽፎ የሚገኘው ምልክት ነው።

ይህን ልዩነት በመተግበሪያው ውስጥ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቁጥር ከአገር አገር፣ ከልብስ ልብስ ይለያያልና። የጫማ ቁጥር 42 በአውሮፓ አለካክ ሲሆን፣ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። የሸሚዝ አንገትጌ 40 ሲባል 40 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የጂንስ ሱሪ 32 ግን በኢንች ስለሆነ ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የወገብ፣ ሁለተኛው ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የውስጥ እግር ርዝመት ነው። በፊደል የሚሰጡት ኤስ፣ ኤም፣ ኤልና ኤክስ ኤል ደግሞ ስፋትንና ርዝመትን በአንድነት ጠቅልለው ስለሚይዙ ቀጭንና ረዥም ለሆነ ሰው የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ቁጥርን ሲያሳይ መለኪያውን፣ ማለት ሴንቲ ሜትር ወይም ኢንች መሆኑን፣ ሁልጊዜ አብሮ ሊጽፍ ይገባል።

እንዲሁም «ቁመት» እና «ርዝመት» መደበላለቅ የለባቸውም። ሰው ቆሞ የሚለካው «ቁመት» ነው፤ የሱሪ ወይም የእጅጌ ግን «ርዝመት» ነው። በመመዝገቢያው ገጽ ላይ «ቁመት» ተብሎ ያለ ማብራሪያ ቢጻፍ አንዱ የራሱን፣ ሌላው የሱሪውን ሊሞላ ይችላል።

6. መለካት፦ አንድ ግሥ፣ ሁለት ድርጊት

በአማርኛ ልብስ ወይም ጫማ ከመግዛት በፊት ለብሶ ማየት «መለካት» ይባላል። «ልለካው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሜትር ይዞ የሱሪውን ስፋት ለመመዝገብ አልፈለገም፤ ለብሶ ለማየት ነው። ልብስ ሰፊው ግን «ና ልለካህ» ሲል በእርግጥም ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። አንዱ ግሥ ሁለት ድርጊቶችን ይዟል፤ ድርጊቶቹም በመተግበሪያው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ገጾች ናቸው።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። «መለኪያ» በቅርጹ መሣሪያንም ስፍራንም ሊያመለክት ይችላል። የልብስ ሰፊው ሜትር መለኪያ ነው፤ ገዢው መጋረጃ ዘግቶ የሚለብስበትም ክፍል መለኪያ ሊባል ይችላል፤ ከዚህም በላይ «አንድ መለኪያ» ብሎ ዝም ያለ ሰው አረቄ እንዳዘዘ ይታሰባል። «መሞከሪያ ክፍል» የሚለው አማራጭ ደግሞ ከ«ቤተ ሙከራ» ጋር ስለሚቀራረብ የኬሚስትሪ ጠርሙስ ያስታውሳል። በዚህ ምክንያት ለክፍሉ «መልበሻ ክፍል» ማለት የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ለድርጊቶቹ ግን ግሡን መተው አይቻልም፤ የገዢው የራሱ ቃል ነውና። ስለዚህ የሚለካውን ነገር አብሮ በመጻፍ ይለያል። ሜትር ለሚያስፈልገው «የሰውነት ልክ መውሰድ»፣ ለብሶ ለማየት «ልብሱን መለካት» ይባል። ነጠላ «ለካ» በገጹ ላይ ብቻውን መጻፍ የለበትም፤ ሰውን ማዘዙ ነው ወይስ ድርጊቱ አልፎ መነገሩ ነው? ወይስ «ለካ እሱ ኖሯል!» እንደሚባለው የመደነቅ ቃል ነው? የሚለውን ፊደሉ አይለይም።

7. ሰፊ ልብስና ልብስ ሰፊ

ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ንግግር የሚለያቸው ቃላት በጽሕፈት አንድ ሆነው ይታያሉ። «አለ» ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በመደርደሪያ ላይ መኖርንም፣ መናገርንም ያመለክታል። በልብስ ገበያ ግን ከሁሉ የሚከብደው «ሰፋ» ነው። ልብሱ ሰፋ፤ ልብስ ሰፊውም ሰፋ። «ሰፊ ልብስ» እና «ልብስ ሰፊ» በቃል ቅደም ተከተል ብቻ ይለያሉ። «ሱሪዬን አሰፋሁ» የሚል ሰው ጠባቡን ሱሪ እንዲሰፋለት አስደርጎ ይሁን ወይም አዲስ ሱሪ በልኩ አሠርቶ ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ አይታወቅም።

መደብሩ በአጠገቡ ካለ ልብስ ሰፊ ጋር ተባብሮ ልብስ የሚያስተካክል ከሆነ ይህ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። ገዢው ያዘዘው ማስተካከል ሆኖ ሳለ አዲስ ልብስ እንዳዘዘ ቢቆጠር ወይም ተገላቢጦሹ ቢሆን ክርክር ይነሣል። ደግነቱ የግሡ ስም ልዩነቱን ይጠብቃል፤ ጠባቡን ሰፊ ማድረግ «ማስፋት» ነው፤ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማሠራት «ማሰፋት» ነው። በመካከላቸው ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ብቻ ስለሆነ ግን «ወገቡን ማስፋት» እና «አዲስ ማሰፋት» እየተባለ ከአጋዥ ቃል ጋር ቢጻፍ ጥርጣሬው ፈጽሞ ይወገዳል። «ማሳጠር»፣ «ማስረዘም» እና «ማጥበብ» ይህ ችግር የለባቸውም። «ማስረዘም»ን በተመለከተ ግን ማስታወሻ ያሻል፤ ልብስ የሚረዝመው ከጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ሲኖረው ብቻ ስለሆነ፣ መተግበሪያው «የእጥፋት ትርፍ» የሚል መረጃ ቢይዝ ለረዥሙ ገዢ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

8. ገዢው በራሱ አንደበት

ልብሱ ተለክቶ ካበቃ በኋላ ገዢው ውጤቱን የሚገልጽበት ገጽ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይሻል። የተርጓሚ ልማድ የሚመራን «የልብሱ መጠን ተስማሚ ነው» እና «የልብሱ መጠን ተስማሚ አይደለም» ወደሚሉት ነው። ሁለቱም ሰዋስው አይጥሱም፤ ነገር ግን ሁለተኛው ምን እንደጎደለ አይናገርም። አማርኛ ለዚህ ያዘጋጀው ከዚያ እጅግ የተሻለ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ልብሱን ባለቤት፣ ለባሹን ተሳቢ የሚያደርገው ግሥ ነው፦ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ አጠረኝ፣ ረዘመኝ፤ ሲስማማም ልኬ ነው።

እነዚህ ግሦች ሦስት ብልጫ አላቸው። አንደኛ፣ የጉድለቱን አቅጣጫ ይናገራሉ፤ ስፋትንና ርዝመትንም ይለያሉ። ሁለተኛ፣ የሰውነት ክፍልን ወይም የልብስ ክፍልን በቀላሉ ይቀበላሉ፦ እጅጌው አጠረኝ፤ ወገቡ ሰፋኝ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። ሦስተኛውና ለአማርኛ መተግበሪያ አዘጋጅ እጅግ የሚጠቅመው፣ አንደኛ መደብ የጾታም የአክብሮትም ልዩነት የሌለው መሆኑ ነው። መሣሪያው ገዢውን በሁለተኛ መደብ ሲያናግረው «ጠበበህ?»፣ «ጠበበሽ?»፣ «ጠበበዎት?» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይም ሁሉን በአንቱታ መጥራት አለበት። ገዢው ራሱ ሲናገር ግን ሽማግሌውም፣ ወጣቷም፣ ተማሪውም እኩል «ጠበበኝ» ይላሉ። ስለዚህ መሣሪያው ሲጠይቅ «ይምረጡ» በሚለው አክብሮት ይናገር፤ መልሱ ግን በገዢው አንደበት፣ በአንደኛ መደብ ይጻፍ።

ይህን ከላይ ወዳነሣነው ወጣት እንመልሰው። በመጀመሪያው ሱሪ ላይ «አጠረኝ»፣ በሁለተኛው ላይ «ወገቡ ሰፋኝ» ቢል፣ ነጋዴው ከብዙ ገዢዎች እንዲህ ያለውን መልስ ሲሰበስብ የጎደለው በመካከለኛ ወገብ ላይ የእግር ርዝመት መሆኑን ይረዳል፤ ወደ መርካቶም ሄዶ ሲገዛ የሚጠይቀውን ያውቃል። «ተስማሚ አይደለም» የሚል መቶ መልስ ቢከማች ግን የሚያስተምረው ልብሱ አለመሸጡን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ነጋዴው ከመደርደሪያው ያየዋል።

9. ዋጋና ቀለም

ዋጋን በተመለከተ የቃሉ ችግር ከልማድ የሚመነጭ ነው። በገበያችን «ዋጋ» ብዙ ጊዜ የንግግር መክፈቻ ነው፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። በስልክ ገጽ ላይ የተጻፈ ዋጋ ግን ለገዢው እንደ ቃል ኪዳን ይታያል። መደብሩ ክርክር የማይቀበል ከሆነ «ቁርጥ ዋጋ»፣ የሚቀበል ከሆነ «መነሻ ዋጋ» ብሎ መጻፍ ሐቀኝነት ነው። ክፍያን በተመለከተ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር «ክፍያ»፣ «መላክ» እና «ቀሪ ሒሳብ» የመሳሰሉትን ቃላት በስልክ ገጽ ላይ እንዲለመዱ ስላደረገ፣ መተግበሪያው በነዚያው ቢሄድ እንጂ ሌላ ቢፈልግ አይጠቅምም።

ስለ ቀለም ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የኑዌር ቋንቋ የከብትን ቀለምና ዝንጉርጉርነት በአንድነት የሚሰይሙ እጅግ በርካታ ቃላት እንዳሉት ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ስለ ኑዌር በጻፈው መጽሐፍ በሰፊው አሳይቷል። አማርኛም ለከብት ብቻ የሚነገሩ «ቡሬ» እና «ዳለቻ» የመሳሰሉ ቃላት አሉት። ስለዚህ በመተግበሪያው ውስጥ «ቀለም» ለብቻው፣ ጨርቁ ባለመስመር፣ ነጠብጣብ ወይም አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያሳየው «የጨርቅ መልክ» ለብቻው ቢሰጥ፣ ከአማርኛ ወደ ኑዌር የሚተረጉመው ሰው ሁለቱን አጣምሮ የሚይዝ ቃል ቢያገኝ እንኳ የት እንደሚያውለው ያውቃል።

10. ወደ ኑዌርና ወደ አኙዋ ሲተረጎም

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት በመንግሥት ዘንድ ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። መተግበሪያውም በአማርኛ ብቻ ሊቀር አይገባውም። ኑዌርና አኙዋ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ የኑዌር አጻጻፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ ሱዳን ሬጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ የተጣለ ነው። በዚህ አጻጻፍ በትንፋሽ የሚነገሩ አናባቢዎች ከሥራቸው በሚሰመር መስመር ይለያሉ። በመተግበሪያ ገጽ ላይ ግን ከቃል ሥር መስመር ማስመር «እዚህ ይጫኑ» ማለት ሆኖ ተለምዷል። አዘጋጁ ይህን ልማድ ይዞ በኑዌር ገጽ ላይ ቃሎችን ቢያሰምር የፊደሉን አካል ከጌጥ ጋር ይደባልቃል፤ ቢሰርዘው ደግሞ ቃሉን ይለውጣል። ስለዚህ በዚያ ገጽ የሚጫኑት ስፍራ በቀለም ወይም በሳጥን ይለይ።

ለተርጓሚው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን አማርኛው ቃል በትክክል መተርጎሙ ነው። «መለካት» ብቻውን ቢሰጠው ከሁለቱ ድርጊቶች የትኛውን እንደሚተረጉም ሊያውቅ አይችልም። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የተተወ አሻሚነት ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ስሕተት ይሆናል።

11. የቀረቡ ስያሜዎችና ፍቻቸው

ልክ (ስ.) — የገዢው የሰውነት ስፋትና ርዝመት፤ በሴንቲ ሜትር የሚመዘገብ። ስለ ልብሱ አይነገርም።

ቁጥር (ስ.) — በልብሱ ወይም በጫማው ላይ የተጻፈ የአሠሪው ምልክት፤ ሁልጊዜ ከመለኪያው ጋር የሚጻፍ።

ቁመት (ስ.) — የሰው ከእግር እስከ ራስ ያለው ልክ።

ርዝመት (ስ.) — የልብስ ወይም የክፍሉ ልክ፤ «የእጅጌ ርዝመት»፣ «የውስጥ እግር ርዝመት»።

የሰውነት ልክ መውሰድ (ሐረግ) — በሜትር ወይም በካሜራ የገዢውን ልክ መመዝገብ።

ልብሱን መለካት (ሐረግ) — ከመግዛት በፊት ለብሶ ማየት።

መልበሻ ክፍል (ስ.) — ልብስ የሚለካበት የተከለለ ስፍራ።

ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ አጠረኝ፣ ረዘመኝ፣ ልኬ ነው (ግ.) — የተለካው ልብስ ለገዢው የሆነበት ሁኔታ፤ ሁልጊዜ በአንደኛ መደብ።

ማስፋት (ግ. ስ.) — ጠባብ የሆነውን ልብስ ሰፊ ማድረግ፤ ከሚሰፋው ክፍል ስም ጋር ይጻፋል።

አዲስ ማሰፋት (ሐረግ) — ለልብስ ሰፊ ጨርቅና ልክ ሰጥቶ ማሠራት።

የእጥፋት ትርፍ (ሐረግ) — ልብሱን ለማስረዘም የሚያገለግል፣ በጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ።

ቁርጥ ዋጋ፣ መነሻ ዋጋ (ስ.) — የመጀመሪያው ክርክር የማይቀበል፣ ሁለተኛው የሚቀበል ዋጋ።

12. መደምደሚያ

የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ኋላም ሥራው የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሁሉ እንዲያቅፍ ሲደረግ፣ ከዋና ዋና ተግባሮቹ አንዱ ለዘመናዊ ሙያ ቃል ማዘጋጀት ነበር። በዚህ ሥራ ከግእዝ ዘር አውጥቶ አዲስ ቃል መቅረጽ ብዙ ጊዜ ጠቅሟል፤ «መተግበሪያ»ም የዚያ መንገድ ፍሬ ነው። የገበያ ቃል አሻሚና ተለዋዋጭ ስለሆነ ለሙያ አይበቃም የሚለው መከራከሪያም መሠረት የለውም አይባልም፤ «መለካት» እና «ሰፋ» ከላይ ያሳዩን ይህንኑ ነው። ነገር ግን አሻሚነቱ የሚወገደው ቃሉን በማባረር ሳይሆን አጠገቡ ሌላ ቃል በማቆምና ፍቹን በመወሰን መሆኑንም እነዚያው ምሳሌዎች አሳይተዋል።

አዲስ የተቀረጸ ቃል መጀመሪያ የሚደርሰው ለተማረው ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ ጉዳት የለውም፤ አንባቢ ጊዜ አለውና። በባሮ ዳር ባለ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ሱሪ በእጁ ይዞ ለቆመ፣ አማርኛን በገበያ ለለመደ ገዢ ግን ያልሰማው ቃል የተዘጋ በር ነው። «አጠረኝ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜም ብሎታል። የስያሜ ባለሙያው ድርሻ ያ ቃል ከአንደበቱ ወጥቶ ሱሪውን ለሚያስመጣው ሰው ሳይጣመም እንዲደርስ ማድረግ ነው።